በግድግዳው ላይ የምትስቀው ሴት

በጣሊያን ከተማ በሲዬና ቤተ ክርስቲያን የሚጠርገው ኑቾ እንግዳውን ሰውዬ እዚያ ሲያይ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የለበሰው ካባ የመኳንንት ስለሆነ ያየው ሁሉ እጅ ይነሳዋል፤ ካባው ግን ትከሻው ላይ ይሰፋዋል፤ ጥፍሩ ሥርም ሰማያዊ ቀለም አለ። ጌታ ይሁን ሠዓሊ፣ ኑቾ ግራ ገብቶታል።

ሰውዬው ከወረርሽኙ እንዲጠብቀው በኮምጣጤ የራሰውን ጨርቅ ከአፍንጫው አውርዶ፣ ግድግዳው ላይ ከተሳሉት ሰዎች መካከል የምትስቀዋን ሴት ያያል።

«ማን ናት፣ ጌታዬ?» አለው ኑቾ።

«ጌታዬ አትበለኝ፤ ካባው የሟቹ ጌታዬ ነው። እሷን የሳልኳት እኔ ነኝ፤ ማን እንደነበረች ግን ጠፋኝ። ከሩቅ አገር፣ ከአቪኞን ድረስ በእግሬ የመጣሁት ልጠይቅ ነበር፤ የሚያውቋትን ሁሉ ወረርሽኙ ጨርሷቸዋል። አንተስ አታውቃትም?»

ኑቾ ቀና ብሎ አያት። ሚስቱ ሚታ መሰለችው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጎረቤቱ ታንቻ መሰለችው። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት የቀበራቸው እሱ ራሱ ነው፤ አሁን ግን መልካቸው አልለይ አለው።

«አላውቃትም» አለ።

ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ኑቾ ግን ከግድግዳው ሥር መንቀሳቀስ አቃተው። «ሚታ» ብሎ ቀስ አድርጎ ጠራት። ጥቂት ጠብቆ ደግሞ «ታንቻ» አለ።