ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱ ምልክቶች

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እትዬ እርሳስ» ነው የሚላት። ሥራ የጀመረችው እርሳስ ከሚባለው ብረት የተሠራ ፊደል አንድ በአንድ ከመሳቢያ እየተለቀመ መጽሐፍ በሚታተምበት ዘመን ነዋ! ኮምፒውተር ሲመጣ ጓደኞቿ «በዚህ ዕድሜያችን?» እያሉ ሲወጡ እሷ ንቅንቅ አላለችም። መነጽሯን ቀየረችና ተማረች። እኔን ከጠየቃችሁኝ የገጽ ቅንብሩን ክፍል ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። አመስጋኝ አገኘች ወይ ካላችሁኝ ግን፣ ኧረ ተዉኝ።

አንድ ጊዜ ጡረታ የወጡ መምህር የጻፉት የሒሳብ መጽሐፍ መጣ። አራት መቶ ገጽ ነው፤ ከፊደሉ ምልክቱ ይበዛል። መምህሩ ናሙናውን ሁለት ጊዜ መለሱት፤ ምልክት ሊኖር በሚገባው ቦታ ባዶ ሣጥን እየታተመ አስቸግሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ፣ በዕድሜ ልጇ የሚሆን ሰው፣ ክፍሏ ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ የገጽ ቅንብሩን ሥራ ለውጭ ሰው እሰጣለሁ። ይህን ክፍልም እዘጋዋለሁ።»

«ነገ ይደርሳል» አለችው።

ጥፋቱ ፎንት ከሚባለው የፊደል ቅርጾች ስብስብ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ሥርዓት ለእያንዳንዱ ምልክት ቁጥር ሰጥቶታል፤ ፎንቱ የዚያ ቁጥር ቅርጽ ከሌለው ግን ባዶ ሣጥን አትሞ ጭጭ ይላል። አራት መቶ ገጽ በዓይን እየለቀሙ ማረም ደግሞ ሁለት ጊዜ ሞክራው ጉድ ሠርቷታል። ስለዚህ ፎንቱ የሚጎድሉትን ምልክቶች በአንድ ወረቀት ላይ የምታይበት ሌላ መላ ዘየደች። የምትሠራበት ፕሮግራም ገጽ የሚያቀናብረው በጽሑፍ ትእዛዝ ሲሰጡት ነው። «ከዚህ ቁጥር ተነሥተህ እስከዚህኛው ድረስ አንድ አንድ እየጨመርክ ሂድ፤ በየደረስክበት ምልክቱን ከነቁጥሩ አትምልኝ» የሚል አራት መስመር ጻፈችለት። የሒሳብ ምልክቶቹ ከ2200 ይጀምራሉ። መጨረሻውን 2299 አደረገችው፤ መቶው ሲሞላ ያልቃል ብላ።

አጠገቧ የሚሠራው ሽፋን ሠሪ አንገቱን አሰገገ። «እትዬ፣ ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ?»

«አንተ ሽፋንህን ሥራ» አለችው ቀና ሳትል።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን አተመችው። ሰባት ባዶ ሣጥን ተገኘ። ሰባቱን ከሌላ ፎንት እንዲወስድ ፕሮግራሙን አዘዘችና ፊቷ እያበራ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄደች። «አልቋል። መምህሩን መጥራት ይቻላል።» እሱም ወዲያው ደወለላቸው።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ቁጭ ስትል፣ በእርሳሱ ዘመን እንደለመደችው፣ የለቀመችውን መቁጠር ጀመረች። መቶ ምልክት ስትጠብቅ መቶ ሃምሳ አራት ሆነባት። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ነው። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አድርጋ በየምልክቱ ሥር ያለውን ቁጥር አየች። ከ2209 ቀጥሎ 2210 አይደለም የሚመጣው፤ 220ኤ ነው። ቢ፣ ሲ እያለ እስከ ኤፍ ይሄድና ነው ወደ 2210 የሚሻገረው። ለካ እዚህ ቆጠራው የሚዞረው በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት ኖሯል! መጨረሻው 2299 ሳይሆን 22ኤፍኤፍ ነው። አንዱ መስመር በሌላው ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚያሳየው ምልክት፣ የመምህሩን ሦስት ምዕራፍ የሞላው፣ ወረቀቷ ላይ ጭራሽ የለም።

ዝም ብላ ብታርመው ማን ያውቅባታል? እሷ ግን ተነሥታ ሄደች።

«ተሳስቻለሁ» አለችው ሥራ አስኪያጁን። «መቶ ሁለት ምልክት ሳላይ ቀርቻለሁ።»

«ሰውዬው እኮ ከሰዓት ይመጣሉ።»

«ከሰዓት ይደርስላቸዋል።»

ቁጥሩን ቀየረች። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ምልክት በአሥራ ስድስት ረድፍ ግጥም ብሎ ወጣ። ዘጠኝ ሌላ ባዶ ሣጥን ነበረበት፤ ያ የምትፈራው ምልክትም አንዱ ነው። ምሳዋን እንኳ ሳትቀምስ ሁሉንም ሞላቻቸውና አዲሱን ናሙና አተመችው፤ ወረቀቱ ገና ትኩስ እያለ ሥራ አስኪያጁ መምህሩን ይዞ ክፍሏ ገባ።

መምህሩ አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው ገጽ በገጽ ይገልጡ ጀመር። ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው።

በመጨረሻ መምህሩ ወረቀቱን አስተካክለው አስቀመጡት። «አንድም ሣጥን የለም። ሁለተኛውን መጽሐፌንም እዚሁ ክፍል ነው የማሠራው» አሉ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው፣ «እንዲህ ያለ ባለሙያ ከየት አመጣችሁ? አዲስ ሰው ቀጠራችሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁት።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እሷ ዞረ።

«ቀጥረዋል» አለች እትዬ እርሳስ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ።»