ብል ያልበላው ነጠላ

2004 ዓ.ም. ነበር፤ ክረምት፣ የፍልሰታ ጾም ላይ። ቦንጋ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘንቧል።

ያን ጊዜ ያስታወሰኝ አንድ ነጠላ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሣጥኑ ስር አወጣችው። መሀሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በጣቷ እየነካካች፣ «እማ፣ ይሄን ብል በላው?» አለችኝ። ብል አይደለም አልኳት።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ በረንዳው ጫፍ ያለችውን ክፍል ለአንድ የሶላር ሠራተኛ አከራይተናል። ሰውየው ከሌላ ክፍለ ሀገር በሥራ የመጣ ነው። አንዳንዴ ዋጫ፣ አንዳንዴ ሺሺንዳ እየሄደ የሶላር ባትሪ ይጠግናል። ዕቃውን በረንዳው ላይ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጣል።

አንድ ቀን ወደ ማታ የበረንዳው ጣሪያ አፈሰሰ። የሚርሰውን ዕቃ ሁሉ ወደ ቤት ሳስገባ ከካርቶኑ አጠገብ አንድ ሃይላንድ አገኘሁ፤ የጠራ ውሃ ነበር የሚመስለው። እናቴም ጠበል የምትቀዳው በእንዲህ ያለ ጠርሙስ ነው። ረስታው መሰለኝ። ተሳለምኩትና ከእመቤታችን ሥዕል ስር፣ ከሌሎቹ ጠበሎች ጎን አቆምኩት።

እናቴ በየማለዳው የእመቤታችንን ምስጋና በቃሏ ትደግማለች። ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ያ ድምፅ ነበር። ሲያበቃ በባዶ ሆዷ ጠበል ትጠጣለች። በማግስቱም ጸሎቱ አበቃ። ቀጥሎ የሰማሁት ጠርሙሱ ሲወድቅ ነው።

ስደርስ ጉሮሮዋን ይዛ ጎንበስ ብላለች። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ምራቋ ሳይቋረጥ ነጠላዋ ላይ ይንጠባጠባል። መዋጥ አልቻለችም። «እማዬ» አልኳት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሲር የሚል ትንፋሽ ብቻ ነው።

ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምተው መጡ። መርዝ ከሆነ ይውጣላት ብለው ሳሙና በውሃ መበጥበጥ ጀመሩ። እኔም ጣቴን ጉሮሮዋ ውስጥ ልከት እጄን ዘርግቻለሁ። ተከራዩ በሩ ላይ ደረሰና ጠርሙሱን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እትዬ፣ ይተዉ። እንዲያስመልሳት አያድርጉ» አለ። «የባትሪ አሲድ ነው። ሲወርድ ያቃጠለ ሲወጣም ያቃጥላል።»

ወተትስ አሉ ጎረቤታችን። ምራቋን መዋጥ ያቃታት ሰው ምን ትጠጣለች፣ ሐኪም ይያት አላቸው።

ከበርሜሉ የዝናብ ውሃ ቀዳን። አፏን እየተጉመጠመጠች ተፋች። ነጠላዋን ገፈን አገጯንና ደረቷን ደጋግመን አጠብን። በባጃጅ፣ ቀና አድርገን ይዘን ሆስፒታል አደረስናት። ተከራዩ የተረፈውን አሲድ ከነጠርሙሱ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ነበር፤ ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችን ምን እንደጠጣች ነው። ሐኪሙም እንዲያስመልሳት አለማድረጋችሁ በጀ አለን።

ያን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ተከራዩን ወቀሰ። አሲድ በውሃ ጠርሙስ ይቀመጣል ወይ፣ ማንስ ሥዕሉ ስር አደረሰው አሉት። አንገቱን ደፍቶ ሰማ። እኔ ዝም አልኩ።

ነጠላውን ሳጥበው እጄ ላይ ተበሳሳ። እናቴ ግን ተረፈች፤ ተመስገን፣ ስምንት ዓመት ጨመረልኝ። ድምጿ እስክታርፍ ድረስ ከሹክሹክታ አላለፈም።

አደጋው በደረሰ በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተንበረከክሁ። ተከራዩ እግርጌዋ ቆሟል፣ ጎረቤታችንም አሉ። ሁሉም እየሰሙ፣ «እማዬ፣ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጠበል መስሎኝ ነው» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ አውራ ጣቷን አንስታ ግንባሬ ላይ አማተበች።

የጸሎቷ ሰዓት ነበር። ከልማድ ድምጿን ጠበቅሁ። ሲቀር እኔ ጀመርኩ። እየሰማሁት አደግሁ እንጂ ብቻዬን ደግሜው አላውቅም፤ መሀሉ ላይ ጠፋኝ። ቀና ስል ያበጡት ከንፈሮቿ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳሉ። እነሱን እያየሁ እስከ መጨረሻው ደገምኩ።