ግድግዳው ላይ የተጫሩት ፊደሎች

የደርግ ሰዎች የያዙኝ ዳባት ላይ፣ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ደባርቅ አድርሰው ሲፈትሹኝ ከኪሴ የወጣው አንድ ቁራጭ ጠመኔ ብቻ ነበር። ፈታሹ አገላብጦ አየውና መለሰልኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ገና ገብስ ገብስ ይሸታል። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለች ክፍተት ነው፣ ብርዱም በዚያው ይገባል። ጥጉ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ግባ መምህር፣ ቤቱ ሰፊ ነው» አሉኝ።

«መምህር መሆኔን በምን አወቁ?»

«ጣትህ ዱቄት የነካው ይመስላል። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ እንዲህ አይከሳም።»

አምባ ጊዮርጊስ ሱቅ የነበራቸው ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። «በረሃ ለገቡት ስኳርና ጨው ሸጠሃል» ተብለው አራት ወር ተቀምጠዋል። «ስኳር የሚገዛ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ነግሮኝ አያውቅም» ይሉ ነበር። ጋሼ እላቸው ጀመር።

ቀኑ አልገፋ ሲለኝ ከተማሪዎቼ ጋር የምጫወተውን ጨዋታ አመጣሁ። ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ይሰጣል፤ ሦስቱም ያሉበትን ቃል ፈልጎ ማግኘት ነው። ጋሼ የፈረንጅ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። ሆኖም ሠላሳ ዓመት ካርቶንና ጆንያ ሲከፍቱ ኖረዋል፤ ዕቃው ላይ የተጻፈው ሁሉ ዓይናቸው ውስጥ ቀርቷል። ኤስ፣ ኤ፣ አር አልኩና፣ ጠመኔዬ አልቆ ስለነበር፣ ከቆርቆሮው በወደቀ ሚስማር ግድግዳው ላይ ጫርኩት። እኔ «ስታር» ብዬ ሳላበቃ እሳቸው «ሹገር»ን፣ «ሳርዲን»ን፣ «ካስተር»ን ደረደሩልኝ። የመጨረሻውን ከጉሎ ዘይት ጠርሙስ ላይ ነው ያገኙት።

አንድ ቀን «ፍራጃይል» ብለው ጻፉና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ተሰባሪ ዕቃ ነው፣ በጥንቃቄ ያዙት ማለት ነው አልኳቸው።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! እኔ እኮ የፋብሪካው ባለቤት ስም ይመስለኝ ነበር። ስንት ዓይነት ብርጭቆ ይሠራል ይኼ ሰውዬ እያልኩ ሳደንቀው ኖርኩ።»

ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። ቃል በበለጡኝ ቁጥር «ተማሪዎችህን ለእኔ አስረክበኝ» ይሉኝ ነበር፣ ይበልጡኝም ነበር።

የጋሼ መፈቻ ቀን ደረሰ። ዋስ ተገኝቷል፤ ባለቤታቸውም በር ላይ እየጠበቁ ነው። ጋሼ ዕቃቸውን ቋጥረው ተቀምጠው ሳለ መርማሪው ካድሬ ወረቀት ይዞ ገባ። ለካ ዘበኛው የግድግዳውን ጽሑፍ አይቶ አመልክቷል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ ወደ ፊደሎቹ እያመለከተ።

«ጨዋታ ነው።»

«የሰዎች ስም መነሻ ነው። ስሞቹን ትነግረኛለህ።»

እንዲህ ባለ ነገር ተጠርጥረው ጎንደር የተላኩ ነበሩ፤ ሲመለሱ አላየንም።

ጋሼ ተነሡ። «ጌታው፣ ጨዋታ ነው።»

«ጌታው አትበለኝ! ጓድ በለኝ።»

«እሺ ጓድ። ካላመንከኝ ሦስት ፊደል ስጠኝና እየው።»

ካድሬው ትንሽ አሰበ። «ኢ፣ ኤል፣ ኤን» አለ።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሱቃቸውን መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች እየዳሰሱ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ሚስማሩን አንሥተው ጻፉ፦ «ኒድል»፣ የመርፌው ፓኮ ላይ ያለው። «ፔንስል»። ቆየት ብለው «ላንተርን»፣ ከፋኖሱ ካርቶን። ካድሬው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ በአንድ አነበበ። ያመነ መሆኑን ከፊቱ አየሁ።

«ጨዋታ ነው እንበል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሪፖርቱ ግን ወደ በላይ አካል ሄዷል። ተሳስተናል ብዬ አልጽፍም። መምህሩ መልእክት ሲጽፍ አይቻለሁ ብለህ እዚች ላይ ፈርም። ዋስህ በር ላይ ነው። ዛሬ ቤትህ ታድራለህ።»

ጋሼ ወረቀቱን ተቀበሉ። የሚፈርሙ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር አልፈረድኩባቸውም፤ ሲፈርሙ ላለማየት ግን መሬት መሬቱን አየሁ።

«ሠላሳ ዓመት ስመዝን ሚዛን ላይ ጣቴን አሳርፌ አላውቅም» አሉ። «በዚህ ልጅ ላይማ አላሳርፍም።»

ወረቀቱን በሁለት እጃቸው መለሱለት። ከዚያ የቋጠሩትን ፈትተው ሰሌናቸውን እንደገና አነጠፉ።

ምስክር ስለታጣ የእኔ ጉዳይ ጎንደር ሳይላክ እዚያው ደባርቅ ቀረ። ጋሼ ሌላ ሰባት ወር ታሰሩ። አንድም ቀን አላነሡብኝም። ያን ዕለት ላመሰግናቸው ፈልጌ አንደበቴ እምቢ አለኝ፤ በማግሥቱ ደግሞ ነገሩን ማንሣት ፈራሁ። እንዲሁ ሳልናገር ተለያየን።

ሞታቸውን የሰማሁ ጊዜ አምባ ጊዮርጊስ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ። ባለቤታቸውን ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ያን ቀን በር ላይ ነበርኩ» አሉኝ። «ንጹሕ ልብስ ይዤለት። እስኪመሽ ቆሜ ብቻዬን ተመለስኩ።»

«ምን እንደሆነ ነግረውዎታል?»

«ሲፈታ ነገረኝ። እኔ አልዋሽህም ልጄ፤ ፈርሞ ቢወጣ ኖሮ አልቆጣውም ነበር። አልሐምዱሊላህ ብዬ እጁን ይዤ እወስደው ነበር።»

እኔም በጋሼ ቦታ ብሆን ሳልፈርም አልቀርም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማንም ያልተናገርኩትን ይህን ነገር ለእሳቸው ነገርኳቸው።

ባለቤታቸው አልገረማቸውም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

«እሱ ግን አልፈረመም» አሉ።