ደረቅ ወንዝ ውስጥ የተነፈሰ ጎማ

በ2010 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። በሐምሌ ወር ታላቅ እህቴን እትዬ አስካለን ከሸዋ ሮቢት ወደ ቀዬዋ ላደርስ ተነሣሁ። እግሯ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። ሐኪሙ «መሬት ላይ እንዳይተኙ፤ ከመሬት እነሣለሁ ሲሉ የገጠመው አጥንት ይለያያል» ብሏታል። እሷ ቤት ያለው ደግሞ ቁርበት ብቻ ነው። ስለዚህ የዋንዛ አልጋ አሠራሁላት። የወጣሁት እሷንም አልጋዋንም ላደርስ ነው።

መንገዱ ሩቅ አይደለም። ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ጥርጊያ ነው። መካከል ላይ ግን ድልድይ የሌለው ደረቅ ወንዝ አለ። ቆላው ፀሐይ ሆኖ ደጋው ላይ ከዘነበ፣ ጎርፉ ሳይታሰብ ከተፍ ይላል። እኔን ከዋዜማው ጀምሮ የበላኝ እሱ ነው።

ጭነት

ጎረቤቴ አያ ሙሄ አብሬ ካልሄድሁ አለ። በጉብዝናው ግመል እየጫነ አሊዩ አምባ ገበያ የወጣ የወረደ ሰው ነው፤ ዕቃ ሲጫን ካየ እጁ አያርፍም። የመኪናዬን የኋላ ወንበር የእትዬ አስካለ እግር ያዘው። ስለዚህ አልጋውም፣ ፍራሹም፣ ሁለቱ ጆንያ ማሽላም ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ይውጡ ተባለ።

«ከባድ ነገር አናት ላይ አይወጣም» አልሁ።

«ታዲያ የት ልታደርገው ነው? እግሯ ላይ?»

እኔ ለእህቴ ትራስ ሳመቻች እሱ አስሮ ጨረሰ። ገመዱን ብስበው እጄ ከሥሩ ገባ።

«አያ ሙሄ፣ ይህ ላልቷል።»

«አልላላም። ጭነት ትንሽ ይተንፍስ። አንቀህ ከጫንኸው ግመል መንገድ ላይ ይተኛብሃል።»

«መኪና ግመል ናት?»

«የት አግኝታ! ግመል ውሃ ሳይቀምስ ስንት ቀን ይሄዳል፤ ይቺ ያንተ ቤንዚን ሳታሸት ተነሥታ ታውቃለች?»

ሽማግሌ ያሰረውን እፊቱ መፍታት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ገመዱን ትቼ ሞተሩን አስነሣሁ።

ከአስፋልቱ ስንወጣ

የሽንኩርቱን ማሳ አልፈን፣ ባጃጆቹን አልፈን፣ መገንጠያው ላይ ለእህቴ ፓፓያ ገዛሁላት። ጥርጊያው ላይ ስንገባ ጣሪያው ጓ ጓ ማለት ጀመረ። ቁልቁለት ስይዝ ጭነቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ዳገት ስይዝ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚያ በኩል የቀወት ማሽላ ጉልበት ደርሷል፤ አገሩ ያማረ ነበር። እኔ ግን የማየው ወደ ምዕራብ ነው። በላያችን ፀሐይ፣ ደጋው ግን እንደ ጥላሸት ጠቁሯል።

ወንዙ አፍ ላይ ቆምሁ። አሸዋው ደረቅ ነው።

«ቆይተን እንየው ይሆን?» አልሁ።

«አሸዋ ምን ይታያል? ንዳ እንጂ!» አለች እትዬ አስካለ። «ይህ እግሬ መቆም አልቻለም፤ አንተ ደግሞ መሄድ አቃተህ!»

አንድ አፍታ ነው ብዬ ገባሁ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ታች ስትደፋ ጆንያዎቹ ሄደው ሄደው በቀኝ በኩል ተከመሩ። መኪናዋ ተንጋደደች፤ የኋላው ቀኝ ጎማ ከነክብደቱ ስለታም ድንጋይ ላይ ወረደ። ጧ! አለ። ከዚያ ፍስስ...

«ይተንፍስ አላልህም? ይኸው ተነፈሰልህ!» ብዬ ጮህሁ።

«ማን ነው የተነፈሰው?» አለች እህቴ።

«ጎማው!»

«እሰይ፤ እኔ አያ ሙሄ መስሎኝ።»

አያ ሙሄ አልሳቀም። እሱም ወደ ደጋው አየ።

አሸዋው ላይ

እትዬ አስካለን አውጥተን ገደፉ፣ የወንዙ ዳር ላይ ልናስቀምጣት ሞከርን። ገና ብናነሣት ጀሶው በሩን ነካና ጩኸቷ ወንዙን ሞላው። ገደፉም የሚናድ አፈር ነው፤ ሁለት ሽማግሌ ሰው ተሸክሞ አይወጣውም። ሰው የተቀመጠበትን መኪና በክሪክ ማንሣት ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ለቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ድንጋይ አስደገፍሁ። የእጅ ፍሬን ሳብሁ። ጎማው መሬት እንደያዘ ብሎኖቹን አላላሁ፤ ከተነሣ በኋላ ቢታገሉት ይሽከረከራል፣ መኪናውም ከክሪኩ ይወርዳል። ከዚያ የጣሪያውን ጭነት በሙሉ አወረድን። ክሪኩን ስጠመዝዝ ግን የሚነሣው መኪናው አይደለም፤ የሚሰምጠው ክሪኩ ነው።

ይኼኔ አህዮች የሚነዳ አንድ ገበሬ ከማዶ ወረደ።

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ያስቀምጣችኋል? ላይ እኮ ዘንቧል!»

«ጎማ ነው ልጄ። ጠፍጣፋ ነገር አጣሁ።»

ዙሪያውን አየን፤ ያለው ሁሉ ድቡልቡል ድንጋይ ነው። ዓይኔ አልጋው ላይ አረፈ። የጎኑን ወፍራም ሳንቃ በመዶሻ መትቼ ነቀልሁት።

«አልጋዬን!» አለች በመስኮት።

«አዎ፣ አልጋሽን! ዝም በይ!»

ሳንቃውን ከክሪኩ ሥር አነጠፍሁ። እየተንቋቋም ቢሆን ቻለ፤ መኪናዋ ተነሣች። ትርፉን ጎማ ስናስገባ ነፋስ መጣ፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ። ገበሬው ጎንበስ ብሎ አዳመጠ።

«አትዘግዩ። ይሰማል።»

ጆንያዎቹን በአህዮቹ ጭኖ ወደ ማዶ ነዳ። እኔ ክሪኩን እየጠበቅሁ መፍቻውን ለአያ ሙሄ ሰጠሁት።

«በመስቀል አጥብቅ!» አልሁት፤ አንዱን ካጠበቅህ ቀጥሎ ትይዩውን ማለቴ ነው።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! በዚህ ዕድሜዬ መስቀል ታስይዘኛለህ?»

«አጥብቅ ነው የምልህ!»

«እያጠበቅሁ ነው፤ በጨረቃም ቢሆን ይጠብቃል!»

ክሪኩን አወረድሁ፤ ጎማው መሬት ሲይዝ መፍቻውን በእግሬ ረግጬ ብሎኖቹን ደግሜ አጠበቅሁ። ሳንቃው አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ቀረ፤ የተረፈውንም አልጋ ለመጫን ጊዜ አልነበረም። አያ ሙሄ ፍራሹን ተሸክሞ በእግሩ ሮጠ። መኪናዋ አሸዋው ላይ አንዴ ተንሸራተተች፣ ሁለተኛ ተንሸራተተች፤ እህቴ ከኋላዬ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ማዶ ወጥቼ ዘወር ስል ውሃው መጣ። ቡናማ ነው፤ ግንድ እየነዳ። የአልጋው ራስጌ አንዴ ቀጥ ብሎ ቆመና ሄደ።

«አልሐምዱሊላህ በሉ» አለ ገበሬው። አያ ሙሄ ዳሩ ላይ ሰገደ። እኔ መሪውን መልቀቅ አልቻልሁም።

መድረስና መመለስ

ቤቷ፣ ገበሬው በአህዮቹ ያደረሰልንን ሁለቱን ጆንያ ጎን ለጎን አጋድመን ፍራሹን በላዩ አነጠፍን።

«እህል ላይ ልተኛ? እህል ይታዘበኛል!»

«ለአንድ ቀን ይታገሥሽ» አልኋት። ጎረቤቷ አብራት ልታድር መጣች። ስሰናበታት እትዬ አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከሰዓት በኋላ ጎርፉ ጎደለ። ገበሬው በዱላ እየለካ ፊት ፊታችን አሻገረን። ሳይመሽ ሸዋ ሮቢት ገባን።

ይህ መንገድ ያስተማረኝን ልናገር። ከባዱን ዕቃ ከታች ጫን፤ ጣሪያው የቀላል ነገር ነው። ጭነት እንዳይነቃነቅ አድርገህ እሰር፤ ጥቂት ሄደህም ውረድና ገመዱን ሳበው። ወንዝ ልትሻገር ስትል ደግሞ አሸዋውን አትመልከት፤ ደጋውን ተመልከት። አያ ሙሄ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ጥፋቱ የድንጋዩ ነው ይላል። ይበል።

በማግስቱ ጠዋት የተቀደደውን ጎማ ጎሚስታ ዘንድ አስለጠፍሁ። ከዚያ ቤት ተመልሼ ለእህቴ የራሴን አልጋ ፈታሁላት።