በሱቅ የማይገኝ ጥይት

ይህ የሆነው የእኛ ሚሊኒየም በተከበረ በዓመቱ፣ ኦስሎ ከተማ፣ ግሮሩድ ሰፈር ውስጥ ነው። ከአእምሮዬ ያልጠፋው በደንብ አውቀዋለሁ ብዬ በምኮራበት ነገር ስለተሳሳትኩ ነው።

ያኔ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ቀጥሮኝ በየአረጋውያኑ ቤት እየዞርኩ አጸዳ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም። ከማጸዳላቸው አንዱ ኦድቫር የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ሐሳባቸውም ወሬያቸውም የኢላማ ተኩስ ነው፤ ያውም ከአንድ ሺህ ሜትር ርቀት።

አንድ ጠዋት እሳቸው ሱቅ ሄደው ሳለ፣ ወትሮ ቆልፈው የሚያስቀምጡት ጥይት ጠረጴዛ ላይ በሁለት ረድፍ ተደርድሮ አገኘሁ። ስወለውል ክርኔ ነካውና ወለሉ ላይ ተበተነ።

ብዙም አልደነገጥኩም። አገር ቤት ወታደር ሳለሁ ጥይት ግምጃ ቤት ነበር የምሠራው። ይህን ኖርዌይ ውስጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኛ ጥይት የምንለየው ቂጡ ላይ በተቀረጸው ጽሑፍ ነው። እያገላበጥኩ አነበብኩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። በሁለት ረድፍ ቀጥ አድርጌ ደረደርኩና እጄ ሙያውን ባለመርሳቱ ኮራሁ።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የጥይቶቹ አንገት ቀጠን፣ ትከሻቸው ሾል ያለ ነው። በዚያ ጽሑፍ የማውቀው ጥይት እንዲህ አይደለም።

ዝም ብል ማንም አያውቅም፣ ሥራዬም አይነካም ነበር። የማላውቀው ጥይት መኖሩ ግን እረፍት ነሳኝ። ሲመለሱ መበተኔን ነግሬ፣ መልኩ ለምን እንደተለየ ጠየቅኳቸው።

ጥይቱ የትም አይሸጥም አሉኝ። ፋብሪካ የሠራውን ቀለህ ይገዙና አንገቱን በመጭመቂያ ያቀጥኑታል፤ ጽሑፉ ግን የድሮው እንደሆነ ይቀራል። ለእንዲህ ያለ ጥይት የባሩዱን ልክ የሚነግር ሰው ስለሌለ፣ ራሳቸው በጥቂት በጥቂቱ እየሞከሩ ያገኙታል። የግራው ረድፍ ባሩዱ በዛ ያለ፣ ለአዲሱ ጠመንጃ ነው። የቀኙ ለአሮጌው። የግራው አሮጌው ውስጥ ከገባ ፊታቸው ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ሱቅ የሄዱትም ለይተው የሚጽፉበት ሳጥን ሊገዙ ነበር።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «እንደነበረ ነው የመለስሽው? እርግጠኛ ነሽ?»

ቅዳሜ ክረምቱን ሙሉ የተዘጋጁበት ውድድር ነበራቸው። ረድፎቹን ደግሜ አየኋቸው።

«ናይ፣ እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩ በኖርዌይኛ።

ተቀምጠው ጥይቶቹን ይፈቱ ጀመር። አረሩን ይነቅላሉ፣ ባሩዱን ሳህን ላይ ያፈሳሉ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። አሥረኛው ላይ ሲደርሱ ወንበር ሳቡልኝና ጥይት ማገላበጥ የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ወሬው ከጥይቶቹ ቀድሞ አላለቀም።

ቅዳሜ ውድድሩ ያለ እሳቸው ተካሄደ። ለአለቃዬ ግን አልተናገሩም። እንዲያውም ለጎረቤቶቻቸው እውነተኛ ሰው ናት እያሉ ያወሩልኝ ነበር።

ይህን በሰማሁ ቁጥር አፍር ነበር፤ ዛሬም አፍራለሁ። ለጥያቄያቸው መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው «ጃ»፣ «አዎ»፣ ነበር።