መጠባበቂያ ሜሞሪ

ገብረሥላሴ ጅማ ውስጥ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ከሁለት ሰው በላይ የማታስቆም ሱቅ አለችው። በሯ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «የጽሕፈት መኪና፣ የራዲዮና የኮምፒውተር ጥገና» ይላል። የጽሕፈት መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ከጠፋ ዓመታት ቢያልፉም ቃሉን ከሰሌዳው ላይ ለመፋቅ አንጀቱ አልቆረጠም። እውነቱን እንናገር ከተባለ በደንብ የሚያውቀው የጽሕፈት መኪናን ብቻ ነው። ኮምፒውተርን የተማረው የዛሬ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ሄዶ በወሰደው የሦስት ሳምንት ኮርስ ሲሆን፣ ከሦስቱ ሳምንት አንዱን በተቅማጥ ተኝቶ አሳልፎታል። አሁን አሁን ራሱን ሲያማ «ያን ሳምንት ምን እንደተማሩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ግን ሁልጊዜ ያንኑ ነው» ይላል።

ሙያው በሙሉ አንዲት ፍላሽ ውስጥ ነበር። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከአጋሮ እስከ አሰንዳቦ የአንዱ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ኮምፒውተር ታመመ ተብሎ ሲደወልለት፣ ፍላሿን ደረት ኪሱ ከትቶ ሚኒባስ ይሳፈራል። ደርሶ ማሽኑን ያበራል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ሁለቴ «እህ» ይላል፤ ከዚያ የማይቀረው ፍርድ ይመጣል፦ «ፎርማት ያስፈልገዋል።» ፍላሿ ላይ ያለው ዊንዶውስ ሁልጊዜ ባለ 32 ቢቱ ነው። ባለ 64 ቢት የሚባል እንዳለም ያውቃል፤ እሱን ግን ለባንክና ለትልልቅ መሥሪያ ቤት የተሠራ አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። ስለዚህ የድሃውንም የሀብታሙንም ማሽን በእኩል ዓይን አይቶ፣ ሁሉንም በሠላሳ ሁለቱ አጠመቃቸው።

አንድ ነገር ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ነበር። «አላውቅም» የሚለው ቃል።

ጉዱ የተጀመረው በቲቸር ቲጃኒ ነው። ቲቸር ቲጃኒ አወቱ መንደራ ሰፈር የሚኖሩ፣ ገብረሥላሴን ስድስተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ስለ ጅማ ገበያዎች፣ ስለ ባለሙያዎቿና በዙሪያዋ ስላሉት የቡና ከተሞች መጽሐፍ ሲጽፉ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚጽፉት ዛሬ ማንም በማይጠቀምበት የጥንት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሲሆን፣ መጽሐፉ ከነፎቶግራፉ አራት መቶ ገጽ ደርሷል። የቀራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ በገዛ ዓይናቸው ማንበብ። ዓይናቸው ደግሞ እየሄደ ነው። ሐኪሙ «ከመስቀል በኋላ ማንበቡን እርሱት» ብሏቸዋል። ይህ ሲሆን ጊዜው ሐምሌ ነበር።

«ያ ገብሬ፣ አካም ጂርታ? ደህና ነህ?» አሉት በስልክ። «ይሄ ማሽን ሊገለኝ ነው። አንድ ገጽ ልገልብጥ ብዬ ዙህር ሰግጄ ስመለስ ገና እያሰበ ነው። ማሎ፣ እባክህ አንድ ነገር አድርግልኝ።»

ገብረሥላሴ ሄዶ አየውና «ሜሞሪ አንሶት ነው ቲቸር» አላቸው። ይህ እንኳ እውነት ነበር፤ ሰው ሳያስበው እውነት የሚናገርበት ቀን አለ። ራም የሚባለውን የሜሞሪ ካርድ፣ ባለ አራት ጊጋ ሁለት አስመጥተው ገጠመላቸው። ማሽኑ ሲከፈት ግን ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ግራ የሚያጋባ ነው፤ የተገጠመው ስምንት፣ የሚሠራው ሦስት ምናምን። ገብረሥላሴ ራሞቹን ነቀለ። የወርቅ ቀለም ያለውን ጥርሳቸውን በተማሪ ላጲስ ፈትጎ ፈትጎ፣ እፍ ብሎ መልሶ ሰካቸው። ያው ሦስት ምናምን። አንዱን በአንዱ ቦታ ለዋወጣቸው። ያው ነው። ላጲሱ ሊያልቅ ሲል ቲቸር ቲጃኒ ከኋላው ቆመው «ምን ሆነ? የቀረው የት ሄደ?» ብለው ጠየቁት።

አፉ ሁልጊዜም ከአእምሮው ይቀድማል። «የቀረው መጠባበቂያ ነው ቲቸር» አለ።

«እንደ ጎተራ?»

«ልክ እንደ ጎተራ።»

ቲቸር ቲጃኒ የሰሙትን ደግ ነገር ለብቻቸው መያዝ የማይችሉ ሰው ናቸው። ጁምዓ ከመስጊድ ሲወጡ ለቡና ነጋዴው ለሐጂ ሸኩር ነገሯቸው። ሐጂ ሸኩርም ወፍጮ ቤታቸው እንኳ መጠባበቂያ ጄኔሬተር ያለው ሰው ናቸውና ኮምፒውተራቸው ያለ መጠባበቂያ ሜሞሪ ማደሩ አሳፈራቸው። እሳቸው ሲያስገጥሙ የአሰንዳቦው ወንድማቸው ሰማ፤ እሱ ሲያስገጥም ሌላው ሰማ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት ሰው «ለመጠባበቂያ የሚሆን» ብሎ ወደ ገብረሥላሴ ሱቅ መጣ። እሱም እያላበው ገጠመላቸው። ላጲስም በደርዘን ገዛ።

አንድ ቀን የሐጂ ሸኩርን ማሽን ከፍቶ ሲፈትግ የጎረቤቱ የወይዘሮ ቆንጂት ልጅ ሶሲ ወረቀት ልታሳትም ገባች። ሶሲ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ናት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ባለ 32 ቢት ነው» አለች ስክሪኑን እያየች። «ከአራት ጊጋ በላይ አያይም። ሃያም ቢጨምሩለት ያው ነው። 64 ቢቱን መጫን ነው ያለብዎት።»

«አውቃለሁ። ሆን ብዬ ነው።»

«ሆን ብለው?»

«ለመጠባበቂያ።»

ሶሲ አንዴ ላጲሱን፣ አንዴ እሱን አየችና «እሺ ጋሼ» አለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ያቺ «እሺ» ሌሊቱን ሙሉ ጆሮው ውስጥ ስትመላለስ አደረች። ለሚስቱ ለየኔነሽ ቢነግራት ቲማቲሟን መክተፉን ሳታቋርጥ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ» ብላ አለፈችው።

ያን ጊዜ ሄዶ «ተሳስቻለሁ» ቢል ነገሩ ባለቀ። ገብረሥላሴ ግን ማንም ሳያውቅ ሊያርመው ፈለገ። 64 ቢቱን ከአንድ ሶፍትዌር ሻጭ አስቀዳ። ፍላሿ ለሁለቱ ስለማትበቃ የኖረበትን ሠላሳ ሁለቱን አጠፋው፤ ሲያጠፋውም ወንጀል የተሠራበትን ዱላ ወንዝ ውስጥ የወረወረ ያህል ቀለለው። በማግስቱ ማለዳ «ገና ቀርፋፋ ነው ስላሉኝ ትንሽ ምርመራ ላድርግ» ብሎ ቲቸር ቲጃኒ ቤት ገባ። እሳቸው የከፈቱለትን ራዲዮ እየሰማ መጽሐፉ የተቀመጠበትን የዲስኩን ክፍል ሳይነካ አዲሱን ዊንዶውስ ጫነ። ተከፈተ። ስምንቱም ጊጋ ቁጭ ብሏል፤ መጠባበቂያ የለ፣ ምን የለ፣ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል፤ ሃያ ዓመት ምንጭ ሲያመሰግን መኖሩ ገባው።

ደስታው የቆየው መጽሐፉን እስኪከፍት ነው። ፋይሉ በፍጥነት፣ በሚያስደንቅ ፍጥነት ተከፈተ። አማርኛ ግን የለበትም። ገጹ ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍና ኮከብ ነው። የጥንቱን የአማርኛ መጻፊያ እንደገና ልጫን ቢል ማሽኑ «ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» አለው። ደገመ። አይሠራም። አጥፍቶ አበራ። አይሠራም። እጁ ሳያስበው ኪሱን ዳበሰ፤ የሚፈልገው ላጲስ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

«ጨረስክ?» አሉ ቲቸር ቲጃኒ፤ ሁለት መነጽር ይዘው መጥተው አጠገቡ ወንበር ሳቡ። «በል ቢስሚላህ፣ ከምዕራፍ አንድ እንጀምር።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ሲደርስ ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፈው ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ተሻገሩ። ከዚያ መነጽራቸውን ቀየሩ። በሌላኛውም ሞከሩ።

«ያ ገብሬ» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬስ ጨርሶ ጠፋብኝ መሰለኝ። አንድም ፊደል አልለይ አልኩ። ሄደ ማለት ነው?»

የጠፋው ዓይናቸው መስሏቸዋል።

ገብረሥላሴ አፉን ከፈተ። አፉም እንደ ልማዱ አንድ ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ «ፊደሉ እስኪሞቅ ነው» የሚል። ያቺ ጣት መስታወቱ ላይ ፊደል ስትፈልግ ሲያይ ግን ተወው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

«ዓይንዎ አይደለም ቲቸር። እኔ ነኝ። አበላሽቼዋለሁ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«አላውቅም።»

ቃሉ ሲወጣ ለራሱም እንግዳ ድምፅ ሆነበት። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ሌላውም ተከተለ፤ ሠላሳ ሁለቱ፣ ስድሳ አራቱ፣ ላጲሱ፣ መጠባበቂያው። ቲቸር ቲጃኒ ዓይናቸው መዳኑን ሲሰሙ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ መጠባበቂያው ጋ ሲደርስ ግን ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሱብሐነላህ! ሐጂ ሸኩርን ወላሂ ብዬ ምዬ እኮ ነው ያስገዛኋቸው! በመስጊዱ በር!»

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ትነግራቸዋለህ! ለስድስቱም! አሰንዳቦ ድረስ ሄደህ!» ክፍሏን ሁለት ጊዜ ዞሩና ተመልሰው ተቀመጡ። «እሺ። የማታውቀውን ነገርከኝ። የሚያውቅ ሰው ታውቃለህ?»

ስልኩን አውጥቶ ለሶሲ ደወለ። «ሶሲዬ፣ ሆን ብዬ አልነበረም» ብሎ ጀመረ። ልጅቱ አልሳቀችም፤ ቢያንስ ድምፅ አውጥታ አልሳቀችም። የጥንቱ መጻፊያ በጣም የቆየ በመሆኑ 64 ቢቱ ላይ በጭራሽ እንደማይሠራ፣ መጽሐፉ ምንም እንዳልሆነ፣ የሚነበበው ግን በድሮው ዊንዶውስ ብቻ እንደሆነ አስረዳችው። «የድሮውን ፍላሽዎን መልሰው ይጫኑት በቃ» አለች። ገብረሥላሴ ፍላሿን ምን እንዳደረጋት ነገራት። «እኔም የለኝም ጋሼ፤ አሁን ማን ይይዘዋል» አለች። «እስካሁን ያልተነካ አሮጌ ማሽን የለም? መጻፊያው የተጫነበት?»

አለ። ሱቁ ጥግ በፕላስቲክ የተሸፈነ ባለ አንድ ጊጋ ማሽን አለ። ለደንበኞቹ «የመመርመሪያ ነው» ይላቸው ነበር። ላለፉት ሰባት ዓመታት የተመረመረበት ግን የካርታ ጨዋታ ብቻ ነው። በባጃጅ ጭኖ፣ ዝናብ እንዳይነካው ጃኬቱን አልብሶ፣ እሱ ራሱ በስብሶ አወቱ መንደራ አደረሰው። መጽሐፉን ወደ እሱ ገልብጠው ሲከፍቱት ማሽኑ ሃያ አምስት ደቂቃ አቃሰተ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ «ምዕራፍ አንድ» የሚል አማርኛ ወጣ። ገብረሥላሴ ፎቶግራፎቹን አውጥቶ፣ መጽሐፉን በየምዕራፉ ቆራርጦ፣ ፊደሉን እንደ ሱቅ ሰሌዳ አተለቀው። አንድ ጊጋም ብትሆን አንድ ምዕራፍ መሸከም አያቅታትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን እኩለ ቀን ላይ እየዘጋ ይመጣል። ቲቸር ቲጃኒ ያነባሉ፤ እሱ የሚታረመውን ያርማል። ለስድስቱም ሰዎች አንድ በአንድ ሄዶ ነግሯቸዋል። ሐጂ ሸኩር እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ አሁን አሰንዳቦ መናኸሪያ ሲወርድ የሚኒባስ ረዳቶቹ ሳይቀሩ «መጠባበቂያ መጣ!» ይሉታል። አይቆጣም፤ በልኩ የተሰፋ ስም እንደሆነ ያውቃል።

መስከረም ሲገባ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ደረሱ፤ ስለ ባለሙያዎች የሚለው። የቲቸር ቲጃኒ ጣት ከመስመር መስመር እየተጓዘች ድንገት ቆመች።

«እዚህ አንተ አለህ» አሉና ጮክ ብለው አነበቡ። «‹በጊንጆ ጉዱሩ የኮምፒውተር ጠጋኝ የሆነው ገብረሥላሴ የእኔ ተማሪ ነበር። የተጠየቀውን ሁሉ ያውቃል፤ አላውቅም ሲል የሰማው ሰው የለም።›»

ይህን የጻፉት ከአራት ዓመት በፊት፣ በኩራት ነው። ገብረሥላሴ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ይጥፋ ቲቸር» አለ።

«አይጠፋም። መጽሐፍ ነው፣ ፍላሽ መሰለህ እንዴ? ከሥሩ ጻፍ።» ዓይናቸውን ጨፍነው አስጻፉት፤ እሱም በጽሕፈት መኪና ጣቶቹ እየቀጠቀጠ ጻፈ። «‹እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ በኋላ፣ አንድ ጊዜ አላውቅም ብሏል። ምስክሩ እኔ ነኝ። ይህን መጽሐፍ በዓይኔ ለማንበብ የበቃሁትም ከዚያ በኋላ ነው።›»

ገብረሥላሴ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ስክሪኑ ደበዘዘበት፤ ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም ነበር። አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ አስቀምጥ የሚለውን ተጫነ። አሮጌው ማሽን ማቃሰት ጀመረ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ።

«ተቀመጠ?» አሉ ቲቸር ቲጃኒ።

«አዎ» የምትለዋ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጣት።

«አላውቅም ቲቸር። እንጠብቅና እንየው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ።

«እንግዲያው ማሽኑ ማሰቡን ሲጨርስ» አሉ፣ «‹አንድ ጊዜ› ያልነውን ‹ሁለት ጊዜ› ብለህ አርመው።»