በኦይታ ስም የተነበበው ጥናት

ኦይታ ከገረሴ ደጋ የወጣ የእርሻ ባለሙያ ነበር። በ1978 ዓ.ም. አለቃው ጓድ ሸዋንዳኝ አርባ ምንጭ ቢሮው ጠርቶ፣ የትውልድ ቀበሌው ለመንደር ምሥረታ ይመች እንደሆነ እንዲያጠና ላከው። በየጓሮው ተበታትኖ የሚኖረውን ገበሬ አንድ ሜዳ ላይ በመስመር በተሠሩ ጎጆዎች መንግሥት ሊሰበስበው ነው።

ኦይታ ሦስት ሳምንት ዳገት ቁልቁለቱን ሲወጣ ሲወርድ ከረመ። ተመልሶ ያየውን ጻፈ። ሜዳው ላይ ውኃ የለም። እንሰት ደግሞ የጓሮ ተክል ነው፤ ከቤት የሚወጣ ፍግ ካላገኘ ይከሳል፤ እንሰቱ ከከሳ ሰውም ይከሳል።

ሸዋንዳኝ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አነበበ።

«አይመችም ነው የምትለኝ?»

«አይመችም፣ ጓድ።»

«እስከ ግንቦት ስምንት መቶ አባወራ እናሰፍራለን ብለን ለበላይ ቃል ገብተናል። የላክሁህ እንድትወስን አይደለም፤ ተወስኗል።»

«ታዲያ ጥናቱ ለምን አስፈለገ?»

«ለፋይሉ። ሂድና ይመቻል ብለህ ሌላ ጻፍ።»

ኦይታ ሌላ አልጽፍም ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ቆላው ጫኖ ወርዶ የመስኖ ቦይ እንዲቆጣጠር ተዛወረ።

ክረምት ላይ፣ ያሳደገችው አክስቱ ልክነሽ ታማለች ሲሉት ደጋ ወጣ። የቀርከሃ ቤቷን አፍርሰውባት፣ ሜዳው ላይ በሚያፈስ ጎጆ ውስጥ ተኮራምታ አገኛት። ርቋት የቀረውን እንሰት ጃርት ጨርሶታል።

«ልጄ፣ አንተ ነህ አሉ የፈቀድከው» አለችው። «የልክነሽ ልጅ አጥንቶ ይመቻል ብሏል ብለው በስብሰባ አነበቡልን። እኛም አጨበጨብንልህ።»

ኦይታ ንዴቱ እንደያዘው አርባ ምንጭ ወርዶ የቢሮውን ታይፒስት ሻሺቱን ፋይሉን አሳዪኝ አላት። አንገቷን ደፍታ አወጣችለት። ያ ሁሉ ገጽ አንድ ወረቀት ሆኗል፤ «ይመቻል» ይላል፤ ከሥሩ የእሱ ስም።

በማግስቱ የሠራተኛው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ በእጁ የቀረውን የእውነተኛውን ጥናት ቅጂ ያነብ ጀመር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ ከአዳራሹ ጎትተው አወጡት። ፀረ አብዮት ተብሎ አሥራ አንድ ወር ታሰረ። ልክነሽ እሱ ሳይፈታ ሞተች፤ የቀበሯትም እዚያው ሜዳ ዳር ነው።

በ1982 ፖሊሲው ሲለወጥ ሕዝቡ ማንንም ሳይጠይቅ ምሰሶውን ነቅሎ፣ ተሸክሞ ወደ ቀየው ተመለሰ። ለጠፋው እንሰት የተጠየቀ ሹም የለም። ሸዋንዳኝ እንዲያውም አድጓል።

ለኦይታ ሥራውን አልመለሱለትም፤ ቆላው ላንቴ ላይ ሙዝ ይተክል ነበር። አንድ ቀን ሸዋንዳኝ ለጉብኝት መጥቶ ማሳው ዳር አገኘውና፣ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋለት።

«ያለፈው አለፈ፣ ጓድ ኦይታ። መመሪያ ነበር።»

«መመሪያው በኔ ስም ይመቻል ብለህ ጻፍ ይል ነበር? የጻፍከው አንተው ነህ» አለው ኦይታ፤ እጁንም ሳይጨብጠው ወደ ሙዙ ተመለሰ።